ዶጃ ከካርታው ላይ የነቀለችው አጥር

ዶጃን የማውቃት ፖስታ ቤቱ ከሱቄ ጎን ስለሆነ ነው። እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ አትማለሁ፣ ለሰው ፎርም እሞላለሁ፤ ከዚያ የተረፈውን ሰዓት በሰው ጉዳይ ጥልቅ ስል እውላለሁ። እሷ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሞተር ብስክሌት ደብዳቤ ስታድል የኖረች ሴት ናት። እኛ ቀርቀና ደሴት ላይ የመንገድ ስም የለም፤ ቢኖርም ማንም አይጠራውም። ፖስታው ላይ «ከበለሷ ወዲያ ላለው ቤት» ተብሎ ይጻፋል፣ የበለስ ዛፍ ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ዶጃ ግን የትኛዋ በለስ እንደሆነች ታውቃለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ከሞተሯ ወድቃ እግሯ ሲሰበር ከባሕሩ ማዶ፣ ከስፋክስ ከተማ ምትክ ላኩልን። ሰውዬው ትጉህ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ጆንያ ደብዳቤ «ባለቤቱ አልተገኘም» ብሎ ይዞት ተመለሰ። ዶጃ አልጋ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እሷ ከሌለች ደሴቱ እንዳልነበረ የሚሆን መሰላት። በዚያው ሰሞን የወጣቶች ማዕከል የአሥር ቀን የካርታ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል በክራንች እየተጎተተች ሄደች። አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ። አሥራ ሦስታችን የሄድነው ምሳ አለ ስለተባለ ነው። አሥሩ ቀን ሲያልቅ እኔ ስለ ካርታ የማውቀው ምሳው ላይ ዓሣ እንደነበረ ብቻ ነው።

እሷ ግን ገባት። ዓለም በሙሉ በጋራ የሚሠራው ክፍት ካርታ አለ፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም ይጨምርበታል፣ ማንም ያርመዋል። ደሴታችን እዚያ ላይ አንድ መንገድና ሦስት መስጊድ ብቻ ነበረች። ዶጃ ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለች ቤቱን፣ ጉድጓዱን፣ ቀጫጭኑን መንገድ፣ የማርያምን በለስ፣ የሐሺምን በለስ አስገባች። ከዚያ ያንኑ መረጃ ወደ ኮምፒውተሯ ታወርድና በነፃው የካርታ ፕሮግራም ቀለም ታለብሰዋለች። ሲወርድ መስመርና ነጥብ ብቻ ነው፤ ምን ምን እንደሚመስል የምትወስነው እሷ ናት። መንገዱ አንድ ሌየር ነው፣ ቤቱ አንድ ሌየር ነው፣ ባሕሩ አንድ ሌየር ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ይነጠፋል። በየአንዳንዱ ጎን ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗን ስትነካት ሌየሩ ይታያል፣ ደግመህ ስትነካት ይጠፋል።

ቀለም ላይ ስሜት የላትም ብዬ ላማት አልችልም። የመንገዱን የአሸዋ መልክ ለማግኘት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ ከደጇ አሸዋ በብርጭቆ አምጥታ ከኮምፒውተሩ ጎን አስቀምጣ ስታመሳስል በዓይኔ አይቻለሁ። ሲያልቅላት ኤክስፖርት ታደርገውና፣ ማለትም እንደ አንድ ሥዕል ታወጣውና፣ ፋይሉን ይዛ ወደኔ ትመጣለች። የኔ ማተሚያ ከኤ3 ወረቀት በላይ አይችልም። ስለዚህ አራት ወረቀት አትመን በፕላስተር እናያይዛለን። ስፌቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው ባዶ ሜዳ ላይ ነው፤ የሰው ቤት ላይ እንዲያርፍ ፈጽሞ አትፈቅድም።

የኛ ባሕር ጥልቀት የለውም። አንድ ኪሎ ሜትር ገብተህም ውሃው ወገብህ ጋ ነው። አያቶቻችን እዚያ ውሃ ውስጥ የዘንባባ ቅርንጫፍ እየተከሉ ረጃጅም አጥር ሠሩ፤ ውሃው ሲሸሽ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ይሄድና ጫፉ ላይ ያለው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ሸርፊያ ይባላል። እያንዳንዱ ሸርፊያ ባለቤት አለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ባሕር ላይ ያለ ርስት ነው። በመስከረም ይተከላል፣ በሰኔ መጨረሻ ይነቀላል። ሐምሌና ነሐሴን ባሕሩ ያርፋል፣ ዓሣውም ይዋለዳል።

ዶጃ ሸርፊያዎቹንም ከአጥማጆቹ አፍ እየሰማች በግምት አስገብታቸው ነበር። ታዲያ በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ፣ አጥማጆቹ ቅርንጫፋቸውን ሲነቅሉ፣ እሷም ኮምፒውተሯን ከፍታ የሸርፊያውን ሳጥን ታጠፋለች። በመስከረም ሲተክሉ ታበራለች። የፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ካርታ ይፈራረቅ ነበር፤ አጥር ያለውና አጥር የሌለው። ከኛ ሰው አንድም «ለምን?» ያላት የለም። እኔም አላልኳትም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሐምሌ ላይ አጥር የለም፣ ታዲያ ካርታው ለምን ይዋሻል?

ባለፈው ነሐሴ ሺራዝ የምትባል መሐንዲስ ከዋናው ምድር መጣች። መሥሪያ ቤቷን አልጠራም። የነበራት ካርታ ያረጀ ስለነበረ የፖስታ ቤቱን አይታ ፋይሉን ለመነች። ዶጃ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። እኔው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ኤክስፖርት አደረገችላት፤ ንጹሕ ይሁን ብላም ፕሮግራሙን የሚታየውን ብቻ እንዲልክ አዘዘችው። «የኛን ካርታ መንግሥት ሊጠቀምበት ነው» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ሰነበተች። አንገሸገሸችኝ፣ ግን ኮርቼባታለሁ።

መስከረም ከመግባቱ በፊት፣ ገና አንድም ቅርንጫፍ ሳይተከል፣ ዓሚ ፍራጅ ሱቄ ገቡ። እዚህ የከበረ ሽማግሌ ሁሉ ዓሚ ነው፤ አጎቴ እንደማለት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሸርፊያቸው በቀር የሚያዋራቸው የለም። በእጃቸው ትልቅ ወረቀት ይዘዋል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ምስማሩ ገና አለ።

«ዓሚ፣ ይሄ የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ አይደለም እንዴ? ቀደውት መጡ?»

«አልቀደድኩትም፤ ነቀልኩት። አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። ከአዲሱ ማቆሚያ ተነስቶ ለትልልቅ ጀልባዎች መንገድ ይሆን ዘንድ የባሕሩ ወለል ይቆፈራል። መስመሩ ቀይ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ተቃውሞ ያለው በተለካ ካርታ አስደግፎ በአሥር ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል።

«ቀዩ የሚያልፍበት የኔ ቦታ ነው» አሉ። «ሸርፊያዬ የታለ?»

«እዚህ ላይ የለም፣ ዓሚ።»

«እንዴት ነው የሌለው? የአባቴ አያት የተከለው ነገር።»

ይህን ስንባባል ዶጃ የደብዳቤ ቦርሳዋን እንደተሸከመች ገባች። ወረቀቱን ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ላይ ጠፋ። ያን የአሸዋ መልክ ያለው መንገድ ከሷ በቀር ማን ሊያለብሰው?

«የኔ ካርታ ነው» አለች።

ዓሚ ፍራጅ ዞረው አዩዋት። «ያንቺ ከሆነ ሸርፊያዬን የት አደረግሽው?»

«ነቀልኩት፣ ዓሚ። ነሐሴ ነበር። ነቀልኩት።»

ሱቄ ውስጥ ጩኸት ይነሳል ብዬ በሩን ልዘጋ ነበር። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነሐሴ ላይማ ይነቀላል» አሉ። «ታዲያ እኔ ስነቅል ቦታውን ይዤ አልሄድም።»

ዶጃ የወረቀት ካርቶኔ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ የማጽናናት ችሎታ የለኝም። «አንዲት ሳጥን ናት፣ መልሰሽ አብሪያት» አልኳት።

«ሙንጂ፣ ዝም በል» አለችኝ። «እኔ የሣልኩት በግምት ነው። እነሱ የሚሉት የተለካ ነው። አሁን ደግሞ ባሕሩ ባዶ ነው፣ ምኑን ልለካ?»

«የኔ ልጅ፣ ባዶ ያለው ማነው?» አሉ ዓሚ ፍራጅ። «ነገ ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ነይ። ይሄንንም ሰነፍ አምጪው፣ ጀልባ ይያዝልን።»

ሰነፉ እኔ ነኝ። ዋና የማልችል ደሴተኛ መሆኔን አገር ያውቃል፣ ሆኖም ሄድኩ። ዓሚ ፍራጅ ጀልባዋ ላይ ቆመው በረጅም እንጨት እየገፉ ወሰዱን። ከፊታችንም ከኋላችንም ውሃ ብቻ ነው፤ ለኔ ሁሉም ቦታ አንድ ነው። እሳቸው ግን ውሃውን አያዩም፣ ትተነው የመጣነውን የብስ ነው የሚያዩት። የደሴታችን ወልይ መቃብር ነጭ ጉልላት ቀስ እያለ ወደ ውሃ ማማው ተጠጋና ጠርዙን ነካ። በሌላው በኩል በሩቅ የሚታዩት ሁለት ዘንባባዎች እየተቀራረቡ መጥተው አንዱ ሌላውን ሸፈነው።

«እዚህ ነው» አሉና ዘለው ወረዱ። በእግራቸው የባሕሩን ወለል ሲዳብሱ ቆዩ። «ነይ፣ ርገጪ።»

ዶጃ ወረደች። ጭቃው ውስጥ አምና የተተከለው ቅርንጫፍ ጉቶ ቀርቶ ነበር። እግሯ ሲነካው የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ ከራሷ በላይ አንስታ፣ ቦታውን የሚነግራት ቁጥር እስኪረጋ ድረስ በየጉቶው ላይ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ተገትራ ቆመች።

«ዶጃ፣ ለዓሣዎቹ ደብዳቤ ይዘሽ መጣሽ እንዴ?» አልኳት።

«ላንተ የመጣ የለም» አለችኝ።

አሥራ አንድ ነጥብ ወሰደች። ሱቅ ተመልሰን ኮምፒውተሩ ላይ ስናየው አሮጌው ግምቷ ሰባ ሜትር ወደ ሰሜን ስቶ ነበር። ለዓሚ ፍራጅ አፍራ ነገረቻቸው። «ለኔ ሰባ ሜትር ጎረቤት ነው፣ ለዓሣ ግን ሌላ አገር ነው» አሏት። የተለካው አጥርና ቀዩ መስመር መሐል ለመሐል ተቆራርጠው ቁልጭ ብለው ታዩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ዓሚ ፍራጅ ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ሥር ተቀመጡና የካርታ አስተማሪ ሆኑ። ዶጃ አጥሩን በቀጭን መስመር ሠርታ አሳየቻቸው።

«ይሄ ፀጉር ነው» አሉ። «ከሙንጂ ራስ የወደቀ።»

አወፈረችው።

«አሁን ደግሞ አስፋልት ሆነ። መኪና ሊነዱበት ነው?»

አልተቆጣችም። መስመሩን አጥፍታ በምትኩ ትንሽ የዘንባባ ቅርንጫፍ ሣለችና ፕሮግራሙ በአጥሩ ርዝመት ሁሉ እየደጋገመ እንዲያስቀምጣት አዘዘችው። ዓሚ ፍራጅ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። በመጨረሻ «ቅርንጫፉ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ውሃው ስለሚገፋው» አሉ። ዶጃ በጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ አዘነበለችው። እሳቸውም ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው «አዎ» አሉ።

መጀመሪያ ያተምነው ወረቀት ላይ አጥሩ ጨርሶ አልወጣም። ለካ አዲሱን ሌየር ከባሕሩ በታች አንጥፋው ኖሯል። «አሁንስ አሰጠምሽው» አልኳት። ከላይ አነጠፈችው። ቀጥሎ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። በአንድ ዓመት ሁለት መልክ ያለውን ነገር በአንድ ወረቀት ላይ እንዴት ያሳዩታል? ሁለት ቀን ስትሞክር ቆየች። መጨረሻ ላይ ከቅርንጫፎቹ ሥር ጉቶዎቹን በጥቋቁር ነጥብ አደረገች፣ ግርጌውም ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አጥሩ በሰኔ ይነቀላል፤ ቦታው አይነቀልም።»

ዓሚ ፍራጅ አንድ ነገር ጨመሩ። ከሸርፊያቸው በስተደቡብ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ የባሕሩ ወለል ራሱ ጎድጉዶ የሚሄድበት መስመር አለ፤ እኛ ወንዝ እንለዋለን፣ ባሕር ውስጥ ያለ ወንዝ። «ጀልባ ማሳለፍ ከፈለጉ አላህ የቆፈረው አለላቸው» አሉ። ዶጃ በማግስቱ ብቻዋን ሄዳ በእንጨት እየለካች ጥልቀቱን ይዛ መጣች፣ ጠቆር ባለ ሰማያዊም አለበሰችው። ኤክስፖርት ከማድረጓ በፊት ስፌቱ የዓሚ ፍራጅ አጥር ላይ እንዳያርፍ ገጹን ወደ ጎን ገፋችው። ስፌቱ የኔ ሱቅ ላይ አረፈ። አየሁ፣ ፕላስተሩን አቀበልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ማዘጋጃ ቤት ገባን። ሺራዝ ሁለቱን ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ፊደላቸው አንድ፣ የሠራቸውም እጅ አንድ ነው። ፊቷ አልከፋም፣ ግን ደክሟት ነበር።

«ወይዘሮ ዶጃ፣ ሁለቱንም የሠሩት እርስዎ ነዎት። ከሁለቱ የቱን ልመን?»

እኔ ብሆን አንድ ምክንያት ፈልጌ እዋሽ ነበር። ማሽኑ ላይ አላክክ ነበር። ዶጃ ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ አየቻት።

«ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያው ግን ግማሽ እውነት ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ስሰጥዎ ለኛ ሰው የምሰጥ መስሎኝ ነበር። የኛ ሰው በነሐሴ ባዶ ባሕር ሲያይ ባዶ ነው አይልም፤ አርፏል ነው የሚለው። እርስዎ ይህን ሊያውቁ አይችሉም። እኔ ማወቅ ነበረብኝ።»

ሺራዝ የመጀመሪያውን ካርታ ወደ ጎን ገፋችው። «እኔም በነሐሴ መጥቼ ስለ መስከረም አልጠየቅኩም» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ቦታውን ማየት ይቻላል?»

«ጫማሽን ካወለቅሽ ይቻላል» አሏት።

የራሷን መለኪያ ይዛ ሄደች፣ ሱሪዋንም እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ነበር፤ አልጠቀማትም፣ ወገቧ ድረስ ራሰች። ጉልላቱ ማማውን ነካ፣ ዘንባባዎቹ አንድ ሆኑ፣ ጉቶውም እዚያው ነበር። የሷ ቁጥርና የዶጃ ቁጥር የተለያዩት በሁለት ሜትር ነው። «በስልክ ነው የለኩት?» ብላ ደግማ ጠየቀች። ቃል አልገባችልንም፤ ሪፖርቱን እጽፋለሁ ብቻ ብላ ሉዷን ተሳፍራ ሄደች። ሉድ የምንለው ወደ ስፋክስ የሚያሻግረንን መርከብ ነው።

መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ አልወደውም። ዶጃ ከሳች። ከዋናው ምድር የሚመጣውን እያንዳንዱን ከረጢት ራሷ ካልፈታች አይሆንላትም ነበር። ዓሚ ፍራጅ ግን ውሳኔ የሚጠብቁ ሰው አይመስሉም። መስከረም አጋማሽ ላይ ቅርንጫፋቸውን በጀልባ ጭነው መትከል ጀመሩ። «ቢከለክሉዎትስ?» ብላቸው «ያኔ ይነቅሉታል፤ እኔ የመትከያ ጊዜ ነው የማውቀው» አሉኝ።

ደብዳቤው የመጣው ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለበት፣ ስማቸው ተጽፎበታል፣ ከስማቸው ሥርም «ከበለሷ ወዲያ» ይላል። ሺራዝ አድራሻ መጻፍ ተምራለች። ዶጃ ሱቄ በር ላይ ሞተሯን አስነስታ ፖስታውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ግን የሰው ደብዳቤ ከፍታ አታውቅም። ቤታቸው ስትሄድ የሉም። ባሕር ዳር ስትሄድ በሩቅ አጥራቸው መሐል ቆመው ታዩዋት። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከትያት ነበር፤ ደንበኛ ከመጣ ይጠብቅ።

ጫማዋን አውልቃ ፖስታውን በላስቲክ ጠቀለለችና ውሃው ውስጥ ገባች። በጣም ረጅም መንገድ ነው። ከባሕሩ ዳር ሆኜ የማያት ራሷንና የተነሳውን እጇን ብቻ ነበር። ስትደርስባቸው ሽማግሌው እጃቸውን በሸሚዛቸው ጠራርገው ተቀበሏት፣ ከዚያ መልሰው ሰጧት። መነጽራቸውን ቤት ትተውት ነው፣ አንብቢልኝ ብለዋት ነው። የተነበበውን አልሰማሁም። ያየሁት ዓሚ ፍራጅ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሲስሟት ነው። እኔም ብቻዬን አለቀስኩ፤ ማንም ስላላየኝ አልክድም።

የጀልባው መንገድ ወደ ደቡብ ተዛውሯል፣ ወደ ባሕሩ ወንዝ። ደብዳቤው «የተያያዘውን ካርታ ተከትሎ» ይላል፤ ካርታው የዶጃ ነው፣ ቅርንጫፎቹም ወደ ምሥራቅ አዘንብለዋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም አጥማጆች ቦታቸውን እያስለኩ ነው። አንዳንዶቹ ከጎረቤታቸው ጋር ለሰባትና ለስምንት ሜትር ይጣላሉ፣ ዶጃም እንደ ዳኛ ውሃ ውስጥ ቆማ ታስታርቃለች።

ዘንድሮ ሰኔ ሲያልቅ እንደ ልማዳችን የሐምሌውን ካርታ ልናትም ሱቄ ተቀምጠን ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ እጇም ሳታስበው ወደ ሸርፊያው ሳጥን ሄደ። ስድስት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ዓሚ ፍራጅ የደረቀ ኦክቶፐስ በገመድ አንጠልጥለው ገቡ፤ ልብሳቸው ገና እርጥብ ነው፣ መዳፋቸውን ቅርንጫፍ ቧጭሮታል።

«ነቀልን» አሉ። «ጨረስን።»

«እኔም ልንቀል?» አለች ዶጃ፣ ጣቷ ሳጥኗ ላይ እንዳለ።

ሽማግሌው ኦክቶፐሱን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከወረቀቶቼ መሐል አስቀመጡት። «አንቺስ ተይው» አሏት። «እኔ ሳርፍ አንድ ሰው ቦታውን ይያዝልኝ።»

እጇን አነሳች። አራቱን ወረቀት አትመን አያያዝናቸው፣ ስፌቱ እንደገና ሱቄ ላይ አረፈ። ሐምሌን ሙሉ ባሕሩ ባዶ ነበር። ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ግን የዓሚ ፍራጅ አጥር በጉቶዎቹ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ቆሞ ሰነበተ።